ካሜሊያው ምን ነካው? የቁጥቋጦውን በሽታ ለይቶ ማወቅና መቆጣጠር

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በካሊፎርኒያና በሲያትል አካባቢ ብርዱ ሊወጣ ሲል ካሜሊያ በብዛት ያብባል። በዚያው ሰሞን አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። ቡናማ የሆነ አበባ ፎቶ ይለጠፍና "ምን መድኃኒት ልርጭበት?" ይባላል። መልሱ እንደ መላሹ ነው። አንዱ ውሃ ጨምርለት ይላል። ሌላው ማዳበሪያ ነው የጎደለው ይላል። ሦስተኛው የፈንገስ መድኃኒት ስም ይጠቁማል። ሦስቱም ተክሉን ሳያዩ ነው የሚመክሩት። አንዳንዴ ተክሉን ከበሽታው በላይ የሚጎዳው ይኸው ምክር ነው።

ካሜሊያ መነሻው ምሥራቅ እስያ ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። በግቢ በብዛት የሚተከሉት ጃፖኒካና ሳሳንኳ የሚባሉት ዝርያዎች ናቸው። አላባማ እ.ኤ.አ. በ1959 የግዛቱ አበባ አድርጎታል። በአትላንታ ወይም በሲያትል ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ከግቢው ጋር አንድ ሁለት ካሜሊያ ቢረከብ አይገርምም። የምንጠጣው ሻይም የዚሁ ወገን ነው። የሻይ ተክል ሳይንሳዊ ስሙ ካሜሊያ ሳይነንሲስ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአሜሪካ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከፋና ኢሉባቦር ድረስ ይደርሳል።

ችግሩ ያለው ምልክቶቹ ላይ ነው። ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ አበባ ይጠወልጋል፣ ቅርንጫፍ ይደርቃል። ከእያንዳንዱ ምልክት ጀርባ ግን በጣም የተራራቁ መንስኤዎች አሉ። ምልክቱ የት ላይ ታየ? መቼ ታየ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከመድኃኒቱ መቅደም አለባቸው።

በሽታ የሚመስል ግን በሽታ ያልሆነ

በጸደይ ወራት ከቁጥቋጦው ውስጠኛ ክፍል ያሉ አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ይህ ጤነኛ ነገር ነው። የካሜሊያ ቅጠል ሁለት ሦስት ዓመት ኖሮ ይወድቃል። ጫፍ ላይ ያሉት አዳዲስ ቅጠሎች አረንጓዴ ከሆኑ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ በላዩ ያሉት የደም ሥር መሳይ መስመሮች ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ በአብዛኛው የብረት ማዕድን እጥረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ተክሉ ነው መውሰድ ያቃተው። ካሜሊያ አሲዳማ አፈር ይወዳል። የአፈርን አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ይስማማዋል። ከዚያ ከፍ ሲል ብረቱ በሥሩ ሊሳብ በማይችል መልክ ይታሰራል። ከቤት መሠረት ወይም ከሲሚንቶ መንገድ አጠገብ የተተከለ ካሜሊያ ላይ ይህ በብዛት ይታያል፤ ምክንያቱም ከሲሚንቶው የሚወጣው ኖራ አፈሩን ይለውጠዋል። እዚህ ላይ ተራ ማዳበሪያ መጨመር ትርፉ ድካም ነው። አፈሩን አስመርምሮ፣ አስፈላጊ ከሆነ ድኝ በመጨመር ፒኤቹን ማውረድ ነው መፍትሔው።

ከቅጠሉ ስር የቡሽ መልክ ያላቸው ቡናማ እብጠቶች ሲወጡም ብዙ ሰው ይደነግጣል። ይህ ኢዲማ ይባላል። ሥሩ ቅጠሉ ሊያስወጣ ከሚችለው በላይ ውሃ ሲስብ የቅጠሉ ሴሎች ይፈነዳሉ። ጀርም የለበትም። ውሃ መቀነስ ይበቃዋል።

ብርድም የራሱን ጠባሳ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በተከታታይ የመጡት ከባድ የብርድ ወቅቶች በዋሽንግተን ዲሲ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፍና የቁጥቋጦ ምርምር አትክልት ሥፍራ) የነበሩትን ካሜሊያዎች አብዛኞቹን ፈጅተዋል። የተረፉት ጥቂቶች ኦሌይፌራ ከሚባለው ዝርያ የሚወለዱ ነበሩ። ዊልያም አከርማን የተባሉት ተመራማሪ እነዚህን ከሌሎች ጋር አዳቅለው ብርድ የሚችሉ ካሜሊያዎችን አወጡ። ዛሬ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግቢዎች ካሜሊያ መትከል የቀለለው በዚህ ሥራ ምክንያት ጭምር ነው። ብርድ የሰነጠቀው ቅርፊት ኋላ ለበሽታ በር ስለሚከፍት ለአካባቢው የሚስማማ ዝርያ መምረጥ ራሱ የበሽታ መከላከያ ነው።

አበባው ብቻ ሲበላሽ

አበባው ቡናማ ሆኖ ቅጠሉና ግንዱ ጤነኛ ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንዱ ውርጭ ነው። ውርጭ በአንድ ሌሊት ያልፋል፤ ለሰማይ የተጋለጡትን አበቦች ይመታል፤ በኋላ የሚፈኩት እምቡጦች ንጹህ ይሆናሉ። ሁለተኛው የካሜሊያ አበባ ምች ልንለው የምንችለው በሽታ ነው። መንስኤው ሲቦሪኒያ ካሜሊያ የተባለ ፈንገስ ነው። መጀመሪያ በአበባው ቅጠሎች ላይ ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ነጠብጣቡ ወደ መሃል ይስፋፋል። የአበባው የደም ሥር መሳይ መስመሮች ከሌላው ክፍል የበለጠ ይጠቁራሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ አበባው በሙሉ ቡናማ ሆኖ ሳይበታተን ዱብ ይላል።

ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የወደቀውን አበባ አንስቶ ከስሩ ያለውን አረንጓዴ መያዣ ማላቀቅ ነው። አበባው ከመያዣው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነጭ ወይም ግራጫ የሻጋታ ቀለበት ካለ በሽታው ይኸው ነው። ውርጭ የመታው አበባ ይህ ቀለበት የለውም።

በሽታው በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1919 ተመዘገበ። በ1938 በካሊፎርኒያ ታየ። በ1993 ኒውዚላንድ ደረሰ፤ በዚያው አሥርተ ዓመት መጨረሻ አውሮፓ ገባ። ውቅያኖስ ያሻገረው የሰው ንግድ ነው፤ ችግኝና አፈር ይዞት ተጓዘ።

የሕይወት ዑደቱን መረዳት ግማሽ መፍትሔ ነው። የወደቀው አበባ ስር ፈንገሱ ጠንካራ ጥቁር እብጠት ይሠራል። ስክለሮሺያ ይባላል። አፈር ውስጥ ወይም ጉዝጓዝ ስር ተደብቆ ለበርካታ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የአበባው ወቅት ሲደርስና እርጥበት ሲያገኝ ትንሽ ቡናማ እንጉዳይ ያበቅላል። ከእንጉዳዩ ስፖር ይወጣል፤ ስፖር ማለት በዓይን የማይታይ የፈንገስ ዘር ነው። ነፋስ ያነሳውና አዲስ አበባ ላይ ያሳርፈዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። በሽታው ከአበባ ወደ አበባ አይተላለፍም። ዘንድሮ የታመመው አበባ ጎረቤቱን አበባ አይበክልም። የሚበክለው የሚመጣውን ዓመት ነው። ስለዚህ የታመመ አበባ መልቀም የዘንድሮን ውበት አያድንም። ለቅሞ ሞክሮ "ምንም ለውጥ የለውም" ብሎ የሚተው ሰው ውጤቱን በተሳሳተ ጊዜ እየፈለገ ነው።

መልቀሙ ያዋጣል ወይ የሚለው ግን በባለሙያዎችም ዘንድ ያከራክራል። ስፖሩ በነፋስ ረጅም ርቀት ስለሚጓዝ ጎረቤት ካልለቀመ የአንዱ ድካም ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ከባዱ ብክለት የሚመጣው ከራስ ቁጥቋጦ ስር ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግቢው ከሌሎች ካሜሊያዎች የራቀ ከሆነ፣ ወይም ሰፈሩ ተባብሮ ከለቀመ፣ ልፋቱ ይከፍላል። ቤት ለቤት በተጠጋጋና ካሜሊያ በሞላበት ሰፈር ግን በሽታውን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። የተለቀመው አበባ በከረጢት ታስሮ ይጣል። የቤት ኮምፖስት ስክለሮሺያን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት የለውም። አሮጌውን ጉዝጓዝ አንስቶ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን አዲስ መተካትም የእንጉዳዩን መውጫ ይዘጋል።

ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ከበሽታው የጊዜ ሰሌዳ መሸሽ ነው። ፈንገሱ የሚነሳው በብርዱ ወቅት መጨረሻና በጸደይ መግቢያ ነው። ሳሳንኳ የሚያብበው ግን በመኸር ነው። ቀድመው የሚያብቡ የጃፖኒካ ዓይነቶችም አሉ። ለውድድር አበባ የሚያሳድጉ ሰዎች ጂበረሊክ አሲድ የተባለ የዕድገት ሆርሞን እምቡጡ ስር ጠብ አድርገው አበባውን ቀድሞ እንዲፈካ ያደርጋሉ።

ቅርንጫፍ ድንገት ሲደርቅ

በጸደይ አዲስ ቡቃያ ሲወጣ፣ ከጤነኛ ቁጥቋጦ መሃል አንድ ቅርንጫፍ ብቻ በቀናት ውስጥ ይጠወልጋል። ቅጠሉ ቡናማ ይሆናል፤ ግን አይረግፍም፤ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወደ ታች ሲከተሉት ግራጫና የጎደጎደ ቁስል ይገኛል። ይህ ኮሌቶትሪከም የሚባል ፈንገስ ሥራ ነው። ሳሳንኳን አጥብቆ ያጠቃል።

ፈንገሱ ያልቆሰለ ቅርፊት አይበሳም። በር ይፈልጋል። አሮጌ ቅጠል ሲረግፍ የሚተወው ጠባሳ፣ የሣር ማጨጃ የላጠው ግንድ፣ ውርጭ የሰነጠቀው ቅርፊት፣ ሁሉም በሮች ናቸው። ዝናብ ደግሞ ስፖሩን ያደርስለታል።

መድኃኒቱ መቀስ ነው። ቁስሉ ከሚታይበት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። የተቆረጠው እንጨት መሃሉ የጠቆረ ከሆነ ገና ነው፤ ንጹህ እንጨት እስኪገኝ ወደ ታች መሄድ ነው። ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ መቀሱን በ70 ፐርሰንት አልኮል መጥረግ የግድ ነው። ይህን የሚዘል ሰው በሽታውን በገዛ እጁ ያዛምታል። ቆረጣው ደረቅ ቀን ላይ ቢሆን ይመረጣል።

አፈር ውስጥ ያለው ጠላት

ከካሜሊያ ችግሮች ሁሉ በጣም አሳሳችው የሥር መበስበስ ነው። መንስኤው ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1922 በሱማትራ ደሴት የቀረፋ ዛፎች ላይ ተለይቶ ታወቀ። እንደ ፈንገስ ቢቆጠርም እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ የውሃ ሻጋታ ከሚባለው ወገን ነው። ይህ ልዩነት የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዘሮቹ ውሃ ውስጥ ይዋኛሉ። አፈር በውሃ ሲሞላ ጥቃቅን ጅራት ያላቸው ዘሮቹ ተነስተው ሥሩን ፈልገው ይደርሱበታል። ለብዙ ፈንገስ የሚሠሩ መድኃኒቶችም እሱ ላይ አይሠሩም።

አሳሳችነቱ እዚህ ላይ ነው። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ የተጠማ ይመስላል። ባለቤቱ አዝኖለት ውሃ ይጨምራል። ውሃው ለጠላቱ መንገድ ይከፍታል። ተክሉ ይበልጥ ይጠወልጋል፤ ውሃውም ይበልጥ ይጨመራል። ብዙ ካሜሊያ የሚሞተው እንዲህ ባለ ደግነት ነው።

መፍትሔው ከማጠጣት በፊት ጣትን አፈር ውስጥ መክተት ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ፣ ጥፋቱ ከውሃ እጥረት አይደለም። በጎን ትንሽ ቆፍሮ ቀጫጭን ሥሮቹን ማየት ያስፈልጋል። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው። የታመመው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ ሲነካ ይላጣል።

ከባድ ደረጃ የደረሰ የሥር መበስበስ አይድንም። ፎስፎኔት የተባሉት መድኃኒቶች ጀርሙን ያዳክሙታል እንጂ አይገድሉትም። ሥራው ያለው ከመትከል በፊት ነው። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ካሜሊያ አይተከልም። አፈሩ ጥቁር መረሬ ዓይነት ከሆነ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይሻላል። ችግኙ በማሰሮው ከነበረበት ጥልቀት በታች መቀበር የለበትም፤ እንዲያውም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከመሬት ከፍ ቢል ይመረጣል። ጃፖኒካ ለዚህ በሽታ ደካማ ሲሆን ሳሳንኳ ይቋቋማል። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው አልሚዎች የጃፖኒካን ቅርንጫፍ በሳሳንኳ ሥር ላይ የሚያጣብቁት።

ይኸው ጀርም በዓለም ላይ የአቮካዶ ቀንደኛ ጠላት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አቮካዶ በስፋት እየተተከለ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ ውሃ ስለሚያሰርግ አፈር እዚህ የተባለው ሁሉ ለአቮካዶ አልሚም ይሠራል።

ቅጠል ላይ የሚታዩት

በቀዝቃዛና ዝናባማ ጸደይ አዳዲስ ቅጠሎች ያለ ልክ ወፍረውና ሰፍተው፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆነው ይወጣሉ። ኤክሶባሲዲየም የተባለ ፈንገስ ነው። ሲያዩት ያስፈራል፤ ጉዳቱ ግን ትንሽ ነው። የቅጠሉ ስር ተልጦ ነጭ ከመሆኑ በፊት በእጅ መልቀም በቂ ነው። ነጩ ክፍል ስፖሩ ነው፤ እሱ ከወጣ ዕድሉ አመለጠ። ሙቀት ሲገባ በሽታው በራሱ ይቆማል።

ቅጠሉ ከላይ በኩል ቢጫ ነጠብጣብ ካወጣ ላዩን ብቻ ማየት ዋጋ የለውም። ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው። ከስሩ በኩል ነጭ የጥጥ ብናኝ መሳይ ነገር ካለበት፣ ቲ ስኬል የሚባለው ተባይ ነው። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ካሜሊያን በጣም የሚያስቸግረው ይህ ነው። ለአትክልት የተዘጋጀ ዘይት የቅጠሉን ስር በደንብ እስኪያርስ ሲረጭ ተባዩን አፍኖ ይገድለዋል። ዘይቱን ከላይ ብቻ የረጨ ሰው አልረጨም ማለት ይቻላል።

የተለየው ጉዳይ ቫይረስ ነው። ቫይረስ የያዘው ካሜሊያ ቅጠሉ ላይ የተዘበራረቀ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ቀይ አበባው ላይም ነጭ ምልክት ይታያል። መድኃኒት የለውም። ሆኖም ይህን መልክ ወደው ቫይረሱን ሆን ብለው በማጣበቅ የሚያስተላልፉ አልሚዎች አሉ። ተክሉን እንደሚያዳክም የሚያሳስቡም አሉ። ገዢው ማወቅ ያለበት፣ በሱቅ ያየው ውብ ዝንጉርጉር አበባ አንዳንዴ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ይረጭ ወይስ አይረጭ?

የፈንገስ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ይከላከላል እንጂ አያድንም። ምልክቱ ከታየ በኋላ መርጨት ቅጠሉን አይመልሰውም። በመዳብ የተሠሩት መድኃኒቶች በተደጋጋሚ ሲረጩ መዳቡ አፈር ውስጥ ይከማቻል። በሌላ በኩል በሺህ የሚቆጠር ችግኝ አጠጋግቶ የሚያሳድግ ጣቢያ ያለ መድኃኒት መቆየት ይከብደዋል። ለአንድ ግቢ ባለቤት ግን ሚዛኑ ወደ መቀስ፣ ወደ መልቀምና ወደ አፈር ያጋድላል።

ጥርጣሬ ካለ አሜሪካ ውስጥ በየካውንቲው የኤክስቴንሽን ቢሮ አለ። ከግዛቱ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ነው። ናሙና ተቀብሎ ወደ ምርመራ ክፍል ይልካል። የደረቀውን ቅጠል ብቻ መውሰድ ግን አይጠቅምም። በሽታው ከጤናው የሚገናኝበትን ክፍል፣ ከተቻለም ሥርና አፈር ጨምሮ መውሰድ ያስፈልጋል።

የችግኝ ጣቢያ መድኃኒት ሌላም ጣጣ አለው። ምልክቱን ሊደብቅ ይችላል። ጤነኛ የሚመስል ችግኝ ተገዝቶ ይሄዳል፤ በሽታው ቤት ከገባ በኋላ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ ካሊፎርኒያ አንድ ትልቅ የችግኝ ጣቢያ ካሜሊያዎች ፋይቶፍቶራ ራሞረም ይዘው ተገኙ። ችግኞቹ ቀድመው ወደ ብዙ ግዛቶች ተልከው ነበር። ይህ ጀርም ካሜሊያን እምብዛም አይገድልም። ቅጠሉ ጫፍ ላይ ጠርዙ የማይለይ ቡናማ ቁስል ያወጣና ይረግፋል። በካሊፎርኒያ ጫካዎች ግን እጅግ ብዙ የባሉጥ ዛፎችን ገድሏል። የችግኝ ነጋዴዎች ቁጥጥሩ ኪሳራ አመጣብን ይላሉ፤ እውነት ነው። የጫካው ኪሳራ ግን ተመልሶ አይተከልም። ስለዚህ ይህ ምልክት አዲስ በተገዛ ካሜሊያ ላይ ሲታይ ቆርጦ መጣል ብቻ አይበቃም፤ ለግዛቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይገባል።

ወደ ሻይ ማሳ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሻይ በውሽውሽና በጉማሮ ለረጅም ዓመታት ሲለማ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት የሻይ ችግኝ ወደ አርሶ አደሩም እየገባ ነው። የካሜሊያን ቅጠል የሚያወፍረው ፈንገስ የቅርብ ዘመድ አለው፤ ኤክሶባሲዲየም ቬክሳንስ ይባላል። የሻይን ለጋ ቅጠል ያቆስላል፤ የሚለቀመውም ለጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በህንድ አሳም ተመዘገበ። በ1946 ስሪ ላንካ ደርሶ ከባድ ጉዳት አደረሰ። በእስያ የተስፋፋ ሲሆን የአፍሪካ የሻይ ማሳዎች እስካሁን ከእሱ ነጻ ናቸው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ከእስያ የሻይ ቅርንጫፍ ወይም ችግኝ በሻንጣ ይዞ መግባት ይህን ሀብት አደጋ ላይ ይጥላል። ሕጋዊው መንገድ የእፅዋት ጤና የምስክር ወረቀትና ኳራንቲን ነው።

በአፍሪካ ሻይ ላይ የሚታየው ሌላው ችግር አርሚላሪያ የተባለው የሥር ፈንገስ ነው። የሚኖረው የተቆረጡ የጫካ ዛፎች ጉቶና ሥር ውስጥ ነው። ጫካ ተመንጥሮ ወዲያው ሻይ ሲተከል ከጉቶው ወደ ሻይ ሥር ይሻገራል። ቁጥቋጦዎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ይሞታሉ፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ከስሩ ነጭ የሻጋታ ንጣፍ ይታያል። በምሥራቅና በደቡባዊ የአፍሪካ ክፍል ያሉ አልሚዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ዛፉ ከመቆረጡ አስቀድሞ ቅርፊቱ ዙሪያውን ይላጣል። ከቅጠል የሚወርደው ምግብ ይቋረጣል፤ ሥሩ ያጠራቀመውን ስታርች ይጨርሳል። ፈንገሱ ሲመጣ የሚበላው አያገኝም። ጊዜ ይወስዳል፤ በችኮላ ለሚተክል ሰው አይመችም። ሻይ ግን አሥርት ዓመታት የሚለቀም ተክል ነው፤ የታመመ ቦታ ላይ ከተተከለ በኋላ ያለው አማራጭ የሞቱትንና በዙሪያቸው ያሉትን ቁጥቋጦዎች ከነሥራቸው ነቅሎ ማውጣት ነው።